የሜላኖማ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላችሁ ነው? መጀመሪያ ውፍረቱን ጠይቁ

የቀዶ ሕክምና ነርስ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ናሙና በሚወሰድበትና ቁስል በሚጠረግበት ክፍል ነው። ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር የተገኘባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሁለቴ ይመጡብናል። መጀመሪያ ለናሙና፣ ቀጥሎ ለዋናው ቀዶ ሕክምና። በሁለተኛው ቀን ከማንም አፍ የማይጠፋ ጥያቄ አለ፦ «ሲስተር፣ ያ ነገር ወጥቶልኝ የለም እንዴ? አሁን ደግሞ ምኑ ነው የሚቆረጠው?»

ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን ተራ መጠበቂያ ወንበር ላይ ቆሞ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ይህ ጽሑፍ ሐኪማችሁን አይተካም። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ምን እንደምትጠይቁ፣ ምን ወረቀት እንደምትይዙ፣ ቤት ስትገቡ ምን እንደምታደርጉ ይነግራችኋል።

ናሙናው እንዴት ይወሰድ

ሜላኖማ የሚነሳው ለቆዳችን ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት ነው። ሜላኖሳይት ይባላሉ። ክፋቱ የሚለካው ከስፋቱ ይልቅ በጥልቀቱ ነው። ሰፋ ብሎ የሚታይ ጥቁረት ገና ከላይኛው የቆዳ ንብርብር ያልወረደ ሊሆን ይችላል። ትንሽ የምትመስል እብጠት ደግሞ ሥር ሰድዳ ሊሆን ይችላል። ይህን በዓይንም በእጅም ማወቅ አይቻልም። ቆዳው በሙሉ ውፍረቱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

የሚመረጠው መንገድ ያጠራጠረውን ነገር ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነው። ዙሪያውን ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ይጨመራል። ወደ ታች እስከ ስቡ ድረስ ይወረዳል። ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፣ ይወጣል፣ ይሰፋል፣ በዚያው ቀን ወደ ቤት ነው። «አንዴ ከነካካችሁት አይቀር ዙሪያውን ሰፋ አድርጋችሁ ገላግሉኝ» የሚሉ አሉ። ስሜታቸው ይገባኛል። ግን ውፍረቱ ሳይታወቅ ሰፊ ቁርጥ አይደረግም። ቆዳው ውስጥ ያሉት የሊምፍ መንገዶች፣ ማለትም ከቆዳ ወደ ዕጢዎች ፈሳሽ የሚወስዱት ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ይበላሻሉ። በኋላ የምነግራችሁ የሊምፍ ዕጢ ፍተሻ ይዛባል። በክንድና በእግር ላይ ደግሞ ቁርጡ ወደ ጎን ከሚሆን በቁመት ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ሲመጣ ለመስፋት ይቀላል።

ምልክቱ ትልቅ ከሆነ፣ ወይም ፊት፣ መዳፍ፣ ውስጥ እግር ላይ ከሆነ፣ ከፊሉን ብቻ መውሰድ ይቻላል። ያኔ የሚወሰደው በጣም ከጠቆረው ወይም ከፍ ብሎ ካበጠው ቦታ ነው። ጥፍር ሥር ያለ ጥቁር መስመር ከሆነ ጥፍሩ ተነስቶ፣ መስመሩ ከሚመነጭበት ከሥሩ መወሰድ አለበት። የጥፍሩን ጫፍ ቆርጦ መላክ ዋጋ የለውም።

አጥብቄ የምቃወመው ነገር አለ። የሚያጠራጥር ጥቁር ምልክት በሌዘር አይጠፋም። በቅዝቃዜ አይቃጠልም። በአሲድ አይነካም። በክር ታስሮ አይበጠስም። ላዩ በምላጭ ተፍቆ አይተውም። የተቃጠለ ቆዳ ማይክሮስኮፕ ሥር ምንም አይናገርም። ላዩ ብቻ ተፍቆ ከተወሰደ ደግሞ ጥልቀቱ አይለካም። ያ ቁጥር አንዴ ከጠፋ ተመልሶ አይገኝም። የሚቀጥለው ሕክምና በሙሉ የሚቆመው እሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ብልቃጡ ልምጣ። ሰው አይቶት ስለማያውቅ ነው። ቆዳው እንደወጣ ሐኪሙ አንዱን ጫፍ በክር ይሰፋዋል። ክሩ ለፓቶሎጂ ባለሙያው፣ ማለትም ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ለሚያየው ሐኪም፣ «ይህ በራስ በኩል ያለው ጎን ነው» ብሎ ይነግረዋል። ዳር ላይ ካንሰር ከተገኘ በየትኛው በኩል እንደሆነ የሚታወቀው በዚህች ክር ነው። ከዚያ ፎርማሊን የተባለ እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። ብልቃጡ ላይ ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀንና የተወሰደበት ቦታ ይጻፋል። «እግር» ብሎ መጻፍ አይበቃም። «ግራ ተረከዝ፣ ውጪኛው ጎን» ነው የሚባለው። እኔ የጻፍኩትን ለታካሚው ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። እናንተም «እስቲ አሳዩኝ» በሉ። ከመቆረጡ በፊትም አጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ከተሰፋና ከዳነ በኋላ ትክክለኛው ቦታ የት እንደነበር ሲያከራክር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በፎቶው ክርክሩ ያበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው የቆዳ ካንሰርን ከፀሐይ ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ግን ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማይነካው ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ቦብ ማርሌይ በእግር አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ሜላኖማ እንዳለበት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1977 ነበር። ያረፈው በ1981፣ በ36 ዓመቱ ነው። ጥፍር ሥር የደም መቋጠር ነው ተብሎ የታለፈ ጥቁረት ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ ወደ ፊት ካልሄደ፣ ወይም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ቆዳው ከፈሰሰ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ አሳዩት።

ወረቀቱ ላይ ምን ይፈለጋል

ውጤቱ ሲመጣ «ሜላኖማ ነው» የሚለው ላይ ዓይናችሁ ይቀራል። የማንም ይቀራል። ትንሽ ተንፍሱና ወደ ታች ውረዱ። የብሬስሎ ውፍረት የሚል መስመር አለ። አሌክሳንደር ብሬስሎ የተባለ የፓቶሎጂ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970 ያስተዋወቀው መለኪያ ነው። ከቆዳው የላይኛው ንብርብር ተነስቶ በጣም እስከጠለቀው የካንሰር ሕዋስ ድረስ ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ይለካል።

ቁጥሩ እንዲህ ይነበባል። ከላይኛው ንብርብር ያልወረደው «ኢን ሲቱ» ይባላል፤ ቁጥር የለውም። እስከ 1 ሚሊ ሜትር ያለው ስስ ነው። ከዚያ ከ1 እስከ 2፣ ከ2 እስከ 4፣ ከ4 በላይ እያለ ይሄዳል። 0.8 የምትለዋንም አስታውሱ። ከ1 በታች ሆኖም 0.8 የደረሰ ሜላኖማ ትንሽ ለየት ባለ ዓይን ይታያል።

ከውፍረቱ ቀጥሎ ያለው ቁስለት ነው። ካንሰሩ ላይ ያለው ቆዳ ተልጦ ከተገኘ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ቁስለት ያለበት ሜላኖማ ተመሳሳይ ውፍረት ካለውና ቁስለት ከሌለው የባሰ ነው። ዳሮቹ ነጻ መሆናቸው፣ ሕዋሳቱ በምን ፍጥነት እንደሚባዙ፣ ከዋናው ተነጥሎ የተቀመጠ የካንሰር ቅንጣት መኖሩም ይጠቀሳል። እነዚህን ሐኪሙ ያብራራላችሁ።

የወረቀቱን ኮፒ ያዙ። ስልካችሁ ላይም ፎቶውን አስቀምጡ። ሌላ ሆስፒታል ብትሄዱ፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ነገር ቢወጣ፣ መጀመሪያ የምትጠየቁት ይህን ነው።

ለምን እንደገና ይቆረጣል?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለስን። ናሙናው ምልክቱን አወጣው። ነገር ግን ሜላኖማ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳትን በዙሪያው ቆዳ ውስጥ ሊበትን ይችላል። ሁለተኛው ቁርጥ እነሱን ለመሰብሰብ ነው። የሚቆረጠው ጠባሳውና በዙሪያው ያለ የተለካ ጤነኛ ቆዳ ነው። የናሙናው ዳር ነጻ ነው ቢባልም ይህ አይቀርም።

ስንት ይለካ የሚለው ረጅም ታሪክ አለው። ሳምፕሰን ሃንድሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1907 ሰፊ ቁርጥ ይደረግ ብሎ መከረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ሜትር መቁረጥ የተለመደ ሆነ። 5 ሴንቲ ሜትር በየአቅጣጫው! የሰውን የእግር ባት እንዳለ ያነሳል። ኋላ ላይ በብዙ አገሮች ታካሚዎችን በሁለት ቡድን ከፍለው ሲያወዳድሩ፣ ሰፊው ቁርጥ ከጠበብ ካለው ይልቅ ዕድሜ አልጨመረም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ በስዊድን የተመራ ጥናት ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ለወፈረ ሜላኖማ 2 እና 4 ሴንቲ ሜትርን አወዳደረ። በሕይወት መቆየት ላይ ልዩነት አልተገኘም።

ዛሬ የሚሠራበት ልክ ይህ ነው። ለኢን ሲቱ ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር። እስከ 1 ሚሊ ሜትር ለወፈረ 1 ሴንቲ ሜትር። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ለሆነ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ለሆነ 2 ሴንቲ ሜትር። ወደ ታች ደግሞ ስቡ በሙሉ ይነሳና ጡንቻውን የሸፈነው ስስ ክዳን ላይ ሲደረስ ይቆማል። ጡንቻው አይነካም። ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ሲለው አያለሁ።

ልኩ የሚወሰደው ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ነው። ሐኪሙ በማስመሪያ ከጠባሳው ዳር ተነስቶ በየአቅጣጫው ነጥብ ያደርጋል። ነጥቦቹን በቀለም ያገናኛል። አንድ ተረከዛቸው ላይ የነበረባቸው አባት መስመሩን ሲያዩ «ይሄ ሁሉ?» አሉኝ። የእሳቸው 2 ሴንቲ ሜትር ነበር። ወደ ግራ 2፣ ወደ ቀኝ 2፣ በመሃል የጠባሳው ስፋት። ተደምሮ ከ4 ሴንቲ ሜትር አለፈ። ማስመሪያውን ሰጠኋቸውና ራሳቸው ለኩት። ከዚያ ተረጋጉ። እናንተም «ውፍረቴ ይህን ያህል ነው፤ ዙሪያው ስንት ይሆናል?» ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ተዘጋጅቶ የሚያይና ድንገት የሚያይ ሰው አንድ አይደሉም።

ፊት፣ ጆሮ፣ ጣት ላይ ቦታ ስለሌለ ልኩ ሊቀንስ ይችላል። ይህ የሐኪሙ ውሳኔ ነው። ጥፍር ሥር ለሆነ ሜላኖማ በፊት ጣት መቁረጥ ነበር ወጉ። አሁን ኢን ሲቱ ወይም በጣም ስስ ከሆነ ጥፍሩን ከሥሩ ካለው ቆዳ ጋር አንስቶ በሌላ ቆዳ መሸፈን እየተሠራበት ነው። የጠለቀ ከሆነ ግን የጣቱ ጫፍ ይቆረጣል። ጣት ይቆረጥ ሲባል «ሳይቆረጥ የሚሆን መንገድ በእኔ ውፍረት አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የለም ከተባለ ምክንያቱን አስረዱኝ በሉ። ፈርቶ ከመጥፋት ይሻላል። ከጠፉት መካከል የተመለሱትን አይቻለሁ፤ ሲመለሱ ጉዳዩ ከጣት አልፎ ነበር።

ጉድጓዱ በምን ይዘጋል?

ብዙ ቦታ ላይ ቆዳው ተስቦ ይገጥማል። ለዚህ ሲባል ቁርጡ የዓይን ቅርጽ እንዲይዝ ይደረጋል፤ ርዝመቱ የስፋቱን ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ጠባሳው ከጠበቃችሁት ይረዝማል። ቀጥ ብሎ እንዲገጥም ሲባል ነው። ካልገጠመ ከአጠገቡ ያለ ቆዳ ከነደም ሥሩ ዞሮ ይሸፍነዋል። ይህን ፍላፕ ይሉታል። ወይም ከሌላ ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ከጭን፣ ስስ ቆዳ ተወስዶ ይለጠፋል። የቆዳ ንቅለ ተከላ ነው።

የሊምፍ ዕጢው ፍተሻ

በብብት፣ በብሽሽትና በአንገት የሊምፍ ዕጢዎች አሉ። ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው ናቸው። ሜላኖማ ከቆዳ ሲወጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ከአንድ የቆዳ ቦታ የሚመጣውን ፈሳሽ ቀድማ የምትቀበል ዕጢ አለች። ሴንቲነል ይሏታል። እሷ ንጹህ ከሆነች ሌሎቹም ንጹህ የመሆናቸው ዕድል ከፍተኛ ነው። ይህን ዘዴ ዶናልድ ሞርተንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 አሳተሙት። ከዚያ በፊት ዕጢዎቹን በሙሉ ማውጣት ወይም መጠበቅ ነበር ምርጫው።

ፍተሻው የሚመከረው ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ለሆነ ነው። ከ0.8 እስከ 1 ለሆነ፣ ወይም ከዚያ ስስ ሆኖ ቁስለት ላለበት፣ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ይወሰናል። ከዚያ በታች ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም።

አደራረጉ እንዲህ ነው። በዚያው ቀን ወይም በዋዜማው ጠባሳው ዙሪያ ትንሽ ጨረር ያለው ቴክኒሺየም የተባለ ፈሳሽ በስስ መርፌ ይሰጣል። መርፌው ያቃጥላል፤ ግን አጭር ነው። ከዚያ ካሜራ ፈሳሹ ወዴት እንደሄደ ያሳያል። ማደንዘዣው ከተሰጠ በኋላ ሰማያዊ ቀለም ይጨመራል። ሐኪሙ ጨረሩን በሚያሰማ መሣሪያ ዕጢዋን ይፈልጋል። መሣሪያው ሲጠጋ ድምፁ ይፈጥናል። ትንሽ ቁርጥ ያደርግና ሰማያዊ የሆነችውን ያወጣል። አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ይሆናሉ።

ቤተሰብን የሚያስደነግጡ ሁለት ነገሮችን ቀድሜ ልንገራችሁ። ሽንት ለአንድ ሁለት ቀን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይሆናል። የቀለሙ ቦታ ቆዳው ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሰማያዊ ሆኖ ይቆያል። ሁለቱም ጉዳት የላቸውም። እኛንም ቀለሙ አንዳንዴ ያደናግረናል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ኦክስጅኑ ሳይወርድ የወረደ አስመስሎ ሊያነብ ይችላል። ከዚህ በፊት ለቀለም ወይም ለመድኃኒት አለርጂ ከነበረባችሁ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ። አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ ያመጣል።

አጥብቃችሁ የምትይዙት ነጥብ ይህ ነው፦ የዕጢው ፍተሻ ከሰፊው ቁርጥ ጋር በአንድ ቀን ይደረግ። ቆዳው ተቆርጦ፣ ዞሮ ከተሰፋ በኋላ የፈሳሹ መንገድ ይቀየራል። ያኔ ትክክለኛዋን ዕጢ ማግኘት ይከብዳል። ውፍረታችሁ ከ1 በላይ ከሆነና የምትታከሙበት ቦታ ይህን ፍተሻ የማይሠራ ከሆነ፣ ሰፊው ቁርጥ ከመደረጉ በፊት «የሚሠራበት ቦታ ልትልኩኝ ትችላላችሁ ወይ?» በሉ። ከተቆረጠ በኋላ መጠየቅ ብዙም አይጠቅም።

ዕጢዋ ላይ ካንሰር ቢገኝስ? በፊት የቀሩትን በሙሉ ማውጣት ግዴታ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ትልቅ ጥናት ይህን ቀየረው። ዕጢዎቹ በሙሉ የወጡላቸውና በአልትራሳውንድ ብቻ የተከታተሉ ሰዎች ተወዳደሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን ከመቶ 86ቱ በሜላኖማ አልሞቱም። የእጅና የእግር ማበጥ ግን ሁሉም ዕጢ በወጣላቸው ላይ ከመቶ 24 ሲሆን፣ በሌሎቹ ከመቶ 6 ገደማ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ለብዙ ሰው በየጥቂት ወሩ አልትራሳውንድ ይበቃል። ያንን ቀጠሮ ግን መዝለል አይቻልም። ምርጫው የሚሠራው ክትትሉ ሲኖር ነው።

ዕጢው በእጅ የሚዳሰስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ በዚያ አካባቢ ያሉት ዕጢዎች ይወጣሉ። እዚህ ላይ አዲስ ነገር አለ። ሰውነት ካንሰሩን ራሱ እንዲዋጋ የሚያነቃቁ መድኃኒቶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነበር የሚሰጡት። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ፔምብሮሊዙማብ የተባለውን መድኃኒት ከፊሉን ከቀዶ ሕክምናው በፊት መስጠት ይሻላል አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካንሰሩ ሳያገረሽባቸው ወይም ሳይባባስባቸው የቆዩት ከመቶ 72 ነበሩ፤ በሙሉ ከኋላ ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ 49። በ2024 የወጣ ሌላ ጥናትም በሁለት መድኃኒቶች ተመሳሳይ አቅጣጫ አሳየ። ስለዚህ ዕጢ አብጦ ከተገኘ «ቢላዋው ይቅደም ወይስ መድኃኒቱ?» ብላችሁ ጠይቁ። በእኔ አስተያየት ዛሬ ከሚጠየቁት ሁሉ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው።

ከቀኑ በፊት

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጻፉ። ደም ማቅጠኛ ካለ በራሳችሁ አታቁሙት፤ በራሳችሁም አትቀጥሉት፤ ጠይቁ። ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ ቢያንስ አራት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አቁሙ። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ያጠባል። የተለጠፈ ቆዳ ደግሞ የሚኖረው በደም ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ከሆነ ምግብ ለስድስት ሰዓት፣ ውኃ ለሁለት ሰዓት መቆም እንዳለበት ይነገራችኋል። ለስስ ሜላኖማ ግን የዕጢ ፍተሻ ከሌለ በቦታው ማደንዘዣ ብቻ ይበቃል። ቀለል ያለ ሰፊ ልብስ ልበሱ። ቀዶ ሕክምናው እግር ላይ ከሆነ ክራንች አስቀድማችሁ አዘጋጁና ተለማመዱ። በሽታው ስስ ከሆነና ሌላ ምልክት ከሌለ ሲቲ ስካን አያስፈልግም። ስላልታዘዘላችሁ አትጨነቁ።

ቤት ስትገቡ

ስፌቱን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደረቅ አድርጉት። ክር የሚወጣው ፊት ላይ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ሆድና ጀርባ ላይ ከ10 እስከ 14 ቀን ነው። ውስጥ እግር ላይ እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ጀርባ ላይ ያለ ስፌት ጎንበስ ቀና ስትሉ ይወጠራል፤ ከባድ ነገር አታንሱ።

የቆዳ ንቅለ ተከላ የተደረገላችሁ ለብቻችሁ ስሙኝ። የተለጠፈው ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የራሱ ደም የለውም። ከሥሩ ያለውን ፈሳሽ እየመጠጠ ነው የሚቆየው። ከዚያ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይገቡበታል። በዚህ ጊዜ ከተንሸራተተ ሥሮቹ ይበጠሳሉ። ከላዩ የታሰረው ወፍራም የጥጥ ጥቅል እንዳይንቀሳቀስ የሚጫነው ነው። አትንኩት፣ አትፍቱት፣ አታርጥቡት። ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ እኛ እንከፍተዋለን።

ስንከፍተው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል። ጥቅሉን በጨው ውኃ አርሰን ቀስ ብለን እናነሳለን። ሥር ያለው ቆዳ ሐምራዊ ወይም ሮዝ ሆኖ ከተጣበቀ ይዟል ማለት ነው። ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ ጠቁሮ የሚላጥ ሊኖር ይችላል፤ ይድናል። ሥሩ ፈሳሽ ከቋጠረ እናስወጣለን። ቦታው ከአካባቢው ቆዳ ዝቅ ያለ ነው፤ ምክንያቱም ስቡ ወጥቷል። ከወራት በኋላ ትንሽ ይሞላል። ቀለሙ ግን ከዙሪያው ጋር አይመሳሰልም።

የሚገርመው፣ ብዙ ሰው ከተለጠፈው ቦታ ይልቅ ቆዳ የተወሰደበት ጭን ያመዋል። አስፋልት ላይ ወድቆ እንደተላጠ ነው የሚያቃጥለው። ላዩ ላይ የተደረገውን ጎዝ አትላጡት። በሁለት ሳምንት ገደማ ሥሩ ሲድን ራሱ ይለቃል። ማስታገሻችሁን ሕመሙ ሳይበረታ በሰዓቱ ውሰዱ።

ውስጥ እግር ላይ ከሆነ እግራችሁን ከልብ ከፍ አድርጋችሁ ተኙ። እስኪፈቀድላችሁ ድረስ አትርገጡበት። «ደህና ነኝ» ብሎ በሦስተኛው ቀን የረገጠ ሰው ንቅለ ተከላው ሲለቅ አይቻለሁ። ያሳዝናል፤ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ብብት ወይም ብሽሽት ላይ ዕጢ ከወጣላችሁ ቦታው ፈሳሽ ቋጥሮ ሊያብጥ ይችላል። በመርፌ ይወጣል። ሁሉም ዕጢዎች ከወጡ የፈሳሽ ቱቦ ይገባል። በየቀኑ የወጣውን ልክ ጻፉ። ብዙ ቦታ ቱቦው የሚወጣው በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ነው። ከዚያ በኋላ ያንን እጅ ወይም እግር ተንከባከቡት። ትንሽ ቁስል እንኳ ቶሎ ይታጠብ። ማበጥ ከጀመረ ዛሬውኑ አሳዩ። ገና ሲጀምር በሚጠብቅ ካልሲና በልዩ ማሸት መያዝ ይቻላል።

ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም የምትሄዱበት፦ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ወይም ሽታ ከመጣ፣ ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ለ15 ደቂቃ ሳትለቁ ተጭናችሁት ደሙ ካልቆመ። የእግር ባት አንዱ ብቻ አብጦ ካመመ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ቦታው መደንዘዙ ግን የሚጠበቅ ነው፤ ጥቃቅን ነርቮች ተቆርጠዋል።

ከዳነ በኋላ

ሁለተኛው የፓቶሎጂ ውጤት ይመጣል። ቀዶ ሕክምና ላይ እያሉ ወዲያው መልስ መስጠት ለሜላኖማ አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ መጠበቅ አለ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ቁራጭ ውስጥ ካንሰር አይገኝም። «ታዲያ በከንቱ ተቆረጥኩ» አትበሉ። እንደዚያ መሆኑን ማወቅ የሚቻለው ተቆርጦ ሲታይ ነው።

ክትትሉ እንደ ደረጃው በየሦስት ወሩ፣ በየስድስት ወሩ ወይም በዓመት ነው። ሜላኖማ የሚያገረሽ ከሆነ በብዛት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ በወር አንዴ ራሳችሁን እዩ። ጠባሳውን በጣት ጫፍ ዳስሱ። ከጠባሳው እስከ ብብት ወይም እስከ ብሽሽት ያለውን የቆዳ መንገድ በሙሉ በእጅ ተከተሉ። እዚያ መንገድ ላይ የምትወጣ ትንሽ ጠንካራ እብጠት፣ ጥቁርም ትሁን ሰማያዊ ወይም የቆዳ ቀለም ያላት፣ ካንሰሩ በሊምፍ መንገድ ሲጓዝ የቆመበት ልትሆን ትችላለች። ከዚያ ብብት፣ ብሽሽትና አንገት ይዳሰሳሉ። ቀጥሎ ቀሪው ቆዳ፦ በእግር ጣቶች መሃል፣ ውስጥ እግር፣ ጥፍሮች፣ ጀርባ በመስታወት፣ የራስ ቅል በሌላ ሰው እጅ። አንዴ ሜላኖማ የያዘው ሰው ሁለተኛ አዲስ ሊወጣበት ይችላል። እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድምና ልጆቻችሁም ቆዳቸውን ያስመርምሩ።

አዲስ ነገር ስታገኙ ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቁ። ደውሉና ቦታውን፣ ያያችሁበትን ቀንና መጠኑን ተናገሩ። ስትመጡ የድሮውን የፓቶሎጂ ወረቀት ይዛችሁ ኑ። የታከማችሁት ሌላ ሆስፒታል ከሆነ የናሙናው ስላይድ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ የታየበት መስታወት፣ እዚያው ይቀመጣል። በደብዳቤ ጠይቃችሁ ማስመጣት ትችላላችሁ።